የጋራ ግድግዳ

ሳስካቱን ነው። ጥር ነው። ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት።
የቆመ መኪና ጎማው አራት ማዕዘን የሚሆንበት፣
ወንዙም በድልድዩ ሥር እየተነነ የሚያቃስትበት።

እኔ ካልሲ በካልሲ ላይ ደርቤ
ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ቀርቤ
ወርቅን ከአልማዝ አጋጥማለሁ፤
ጌጥ አልሠራም፣ ቁጥር እሠራለሁ።
አርባ ሺህ አቶም በረድፍ አቁሜ፣
አንዱን ካንዱ በማይታይ ሽቦ ጠምጥሜ፣
ከወዲህ አሞቃለሁ፣ ከወዲያ አቀዘቅዛለሁ፤
ሙቀት ድንበር እንዴት እንደሚሻገር
እጠይቃለሁ።

ሙቀት በጠጣር ውስጥ ወንዝ አይደለም፣ አይፈስም፤
ነፋስም አይደለም፣ አይነፍስም።
መንቀጥቀጥ ነው። አንዱ ሲንቀጠቀጥ ጎረቤቱን ይነካዋል፣
ጎረቤቱም የራሱን ጎረቤት፤ እንዲህ እያለ ይሄዳል።
የዚያ ርዕደት አንዲት ቁራሽ
ፎኖን ትባላለች።

ወርቅ ከባድ ነው፤ እንደ ጠገበ በሬ እያዘገመ ይነቀነቃል።
አልማዝ ቀላል፣ ግትር፣ ችኩል፤ ገና ሳይነኩት ይንጫጫል።
አንዱ በከበሮ ሲናገር ሌላው በጸናጽል፤
በመካከል ያለችው መስመር
አብዛኛውን ቃል «አልሰማሁም» ብላ ትመልሳለች፣
ጥቂቱን ታሳልፋለች።
ለዚህ ነው ግራፉ በእርጋታ ቁልቁል ሲወርድ ቆይቶ
ድንበሩ ላይ ሲደርስ
ገደል የሚገባው።

ይህን ገደል በሁለት ቀመር ለካሁት።
አንዱ፣ ድንበር እንደ መስታወት የለሰለሰ ነው ይላል፤
ሌላው፣ ፎኖን እዚያ ሲደርስ የመጣበትን ይረሳል ይላል።
ሁለቱም ከላቦራቶሪው ልኬት አልገጠሙም።
አለቃዬ ማርጊት «የስሕተትሽ ወሰን የት አለ?» ብላ ጻፈች።
ወሰን ቢኖረውማ!

ቤቱ መንታ ነው፤ አንድ ጣሪያ፣ ሁለት በር።
ማዶ ኦሬስት አለ፣ የባቡር ሐዲድ በያጅ የነበር፣
ሰማንያ አንድ ዓመቱ። በአራት ዓመት ጉርብትና
የተነጋገርነው ስለ በረዶ አካፋ ብቻ ነው።
እሱ ዜናውን በዩክሬንኛ ያስጮኻል፤
እኔ ከቁጥሮቼ ጋር በአማርኛ እጣላለሁ።
ግን ማታ ማታ ጀርባዬን ከግድግዳው ሳስደግፍ
ለብ ይለኛል።
ምድጃውን ከልክ በላይ ያነዳል፤
እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ክረምቱን ሙሉ
ከእሱ ሒሳብ ላይ እሰርቃለሁ።

ያን ሌሊት፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣
የተሳሳተ ፋይል ከፍቼ አቶሞቹን ድንበሩ ላይ አቀላቀልኳቸው፤
ጥቂት ወርቅ ወደ አልማዙ፣ ጥቂት ካርቦን ወደ ወርቁ ገብቶ፣
ንጹሑ መስመር ተበላሽቶ።
ልሰርዘው ስል ቁጥሩን አየሁት፤
ሙቀቱ ከቀድሞው ይልቅ ያልፋል!
ገደሉ ጎድሏል።
እዚያ፣ በተደባለቀው ረድፍ ላይ፣
የወርቅም ያልሆነ፣ የአልማዝም ያልሆነ ርዕደት አለ፤
እዚያው የተወለደ፣ ርቆ የማይሄድ፣
ግን ከዚህኛው ተቀብሎ ለዚያኛው የሚያቀብል።
በየትኛውም ቀመር አልቆጠርኩትም ነበር።

ደስ ብሎኝ ጀርባዬን አስደገፍኩ።
ግድግዳው በረዶ ነው።

እጄን ዘረጋሁ፤ ከላይ፣ ከታች፣ ከሶኬቱ አጠገብ፤
በረዶ።
ካፖርቴን በሌሊት ልብሴ ላይ ጥዬ፣ ጫማዬን አዟዙሬ፣
በሩን ደበደብኩ።
ቆየ። እንደገና ደበደብኩ።
ኦሬስት ከፈተ፤ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣
ምድጃው ከምሽት ጀምሮ ሞቷል።
«በሌሊት ሰው ላስቸግር?» አለ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ።

ወደ እኔ በኩል መጣ።
ስክሪኑን አየ፣ ቀይና ሰማያዊ ነጥብ ሲርገፈገፍ።
«ምንድን ነው?»
«ሁለት የማይስማሙ ነገሮች፣ ሲጋጠሙ።»
ጓንቱን አወለቀ፤
ጠባሳ የበዛበትን አውራ ጣት ድንበሩ ላይ አሳረፈ።
«ብየዳ ነዋ» አለ። «ጫፉን ሳታበላሺ አይያዝም።»

ለማርጊት እስካሁን አልመለስኩም።
ጠጋኙ በጠዋት እመጣለሁ ብሏል።
ኦሬስት ወንበሩ ላይ አፉን ከፍቶ አንቀላፍቷል፤
ኮምፒውተሩ አዲሱን ስሌት ይዞ እንደ ጉድ ይግላል፤
እግሮቹን
ወደ ማራገቢያው አስጠጋሁለት።